ሣር ይዛ የወረደች ሴት

ዝናቡ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ አልደረሰም። ላይኛው ሰፈር ሴቻ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሮ ሆቴሎቹን ውጧቸዋል። እንዲህ ሲሆን ሲቀላ ፀሐይ እየሞቀም ጎርፍ እንደሚመጣበት ልክነሽ ታውቃለች። ድስቷን ታቅፋ የምትሮጠውም ለዚህ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ» አለ ባለባጃጁ ማርቆስ ከመናኸሪያው ጥግ። «ሌሎቹ ውጭ አዳሪዎች በረንዳ ፈልገው ገብተዋል። የቀረው ያ ሽማግሌ ነው፤ እሱ ደግሞ እንኳን አንቺን ፖሊስም አልሰማ።»

«ባጃጅህን ድልድዩ ጋ አምጣልኝ።»

«ማርያምን፣ በጴንጤ ጦስ ልሞት ነው» እያለ ሞተሩን አስነሳ።

ልክነሽ የጫኖ ሙዝ እያመጣች የምትቸረችር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በቤተ ክርስቲያኗ ሌሎች ራእይ አየን፣ ድምፅ ሰማን ሲሉ እሷ ምንም ሰምታ አታውቅም፤ በዚህም ታፍር ነበር። ጥሪዋ የመጣው ከአንድ ሠርግ በኋላ ድስት ስታጥብ ነው። የተረፈውን ልትደፋ ጎንበስ ስትል እጇ እምቢ አላት። ሌላ ምንም አልሆነም። ድስቱን ይዛ መናኸሪያ ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ ውጭ አዳሪዎቹን ማብላት አላቋረጠችም።

ከሁሉም ያስቸገራት ኤርጫፎ ነው። ከደጋው፣ የገረሴ ሰው ነው። አባቱ እንደሞተ የወንድሙን የድንበር ድንጋይ ገፋ። ሳይቆይ ልጁ ሞተ፣ ሚስቱም ተከተለች። ጋሞ ይህን ጎሜ ይለዋል፤ ወግ ያፈረሰ ሰው ላይ የሚወርድ፣ ካልታረቀ በቀር የማይለቅ መዓት። ኤርጫፎም መዓቱ ወደ ሰው እንዳይጋባ ፈርቶ ጣራ ስር አያድርም። ድልድይ የማንም ቤት አይደለምና እዚያ ስር ይተኛል።

ልክነሽ ተንሸራትታ ወደ ቦዩ ወረደች።

«አባባ ኤርጫፎ፣ ውሃ እየመጣ ነው። ይውጡ።»

«ምግቡን እዚያ አስቀምጪና ሂጂ።»

«ቤቴ ቅርብ ነው።»

«ልጅ አለሽ?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እንግዲያው ቤቴ አትበዪኝ።»

«በኢየሱስ ስም ምንም አይነካንም ብዬዎታለሁ።»

«ኢየሱስሽ ከወንድሜ አስታረቀኝ?»

መጀመሪያ ደረቅ ቅጠልና የውሃ ፕላስቲክ እየተንከባለለ መጣ። ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ቁርጭምጭሚቷን ላሰው። ከላይ ማርቆስ «እትዬ፣ ከኋላው ትልቁ እየመጣ ነው» አለ፤ ድምፁ ቀልዱን ትቷል።

ልክነሽ ወደ ላይ ወጣች። ማርቆስ ተስፋ የቆረጠች መስሎት እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር መንጨት ጀመረች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሣር መያዝ የድሮ ነገር ነው፣ ተዉት ብለው አስተምረዋል። አባቷ ግን በልጅነቷ ሣር ይዞ በተጣሉ ሰዎች መሐል ሲንበረከክ፣ ዱላ ያነሣው ሁሉ ዱላውን ሲጥል አይታለች። ተመልሳ ወረደችና ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ ውሃው ውስጥ ተንበረከከች።

ኤርጫፎ ፈዞ አያት። «ሴት ሣር ትይዛለች?»

«አስታራቂ ሽማግሌዎቹ ዝናብ ፈርተው ቤታቸው ናቸው። የተገኘሁት እኔ ነኝ።»

«ተነሺ፣ ይወስድሻል።»

«እርስዎ ካልተነሡ አልነሣም።»

ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት ራሱ ጎሜ ነው። በአንዱ የተሰበረ ሰው ሁለተኛውን በምን ትከሻው ይሸከማል? ውሃው ወገቧ ደርሶ ድስቷን አንሳፎ ወሰደው።

«ሣር የሚያዘው ለእርቅ ነው» አለ ሽማግሌው። «ከማን ልታስታርቂኝ ነው የያዝሽው?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። «ከወንድምዎ» አለች።

«ገረሴ ድረስ?»

«ገረሴ ድረስ።»

እጁን ሰደደና ሣሩን ከእጇ ጋር አንድ ላይ ጨበጠ። ማርቆስ የሙዝ መጫኛ ገመዱን ወርውሮ ሁለቱንም ጎተታቸው። የመጨረሻው እግር ዳር ሲረግጥ ትልቁ ውሃ ድልድዩን ሞልቶ አለፈ። ሽማግሌው የተኛበት ካርቶን እንኳ አልታየም።

ኤርጫፎ ባጃጁ ውስጥ አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ። «ይሄ ጣራ አለው።»

«ሸራ ነው አባባ» አለ ማርቆስ። «ዝናቡ ራሱ ጣራ ነው ብሎ አያከብረውም።»

እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ልክነሽን ጠሯት። «እህት ልክነሽ፣ ሣር ይዘሽ ተንበርክከሻል አሉ።»

«አዎ።»

«ለጎሜ?»

«ለሰውዬው። ሌላ የሚሰማው ቋንቋ አልነበረም።»

ሽማግሌው «በመድረክ አልደግፍሽም» አሉ። «ገረሴ ግን ብርድ ነው፤ ጋቢ ያዢ።»

በማግስቱ እሷና ኤርጫፎ በሚኒባስ ወደ ደጋው ወጡ። የወንድሙ አጥር ጋ ሲደርሱ ኤርጫፎ ወደ ኋላ ቀረ። ወንድምየው ከውስጥ አይቷቸው የአጥሩን በር ሊዘጋ መጣ። ልክነሽ ከመንገዱ ዳር ሣር ነጭታ በሩ ፊት ተንበረከከች። ጎርፉ ውስጥ እንኳ እንዲህ አልፈራችም።

ሰውየው በሩን እንደያዘ ቆመ። ሣሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከኋላዋ አንገቱን የደፋውን ወንድሙን አየ።

«ሴት ሣር ትይዛለች?» አለ።

የመለሰለት ኤርጫፎ ነው። «ውሃ ውስጥም ትይዛለች» አለው፤ «እኔ አይቻለሁ።»

ወንድምየው በሩን ለቀቀው።