በመረብ ክር የተሰፋው ዳዊት

እስቲ ይኸን የብራና ገጽ ዳብሰው። መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ በክር ተሰፍታ ታገኛለህ። ጎረቤታችን ዓሣ አስጋሪው ከጣለው አሮጌ መረብ ክር መዝዤ የሰፋኋት እኔ ነኝ፤ ያኔ የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ነበርሁ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ ብራና ያደርጉና ዳዊት ይጽፉበታል። ቤታችን ሐይቁ ዳር ስለነበር ግማሹ ደንገል፣ ግማሹ እርጥብ ቆዳ ይሸት ነበር። ብራና ሲበሳ የሚሰፋው በጅማት ነው። የዚያን ቀን ጅማት አልቆብን ነበርና የመረቡን ክር ሳሳያቸው "ይሁን፣ ማን ያየዋል" አሉኝ። ዳዊቱን አንድ ነጋዴ "ለእናቴ መጸለያ" ብሎ ከአባቴ ገዝቶ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቼ ታሪክ ስማር፣ መምህራችን አንድ የጥንት ዳዊት በፕሮጀክተር አሳየን። ከባላባት ቤት የወጣ ነው ተብሎ በራሱ ገንዘብ የገዛው፣ ሌሎች ምሁራንም አይተው የመሰከሩለት ነው። ስለ እሱ የጻፈው መጽሐፍ በሳምንቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነበር። ብራናው በጢስ ጠቁሯል። ቀጥሎ ያች ቀዳዳ መጣች።

"የጥንት ሰዎችን የስፌት ጥበብ ተመልከቱ" አለ። "ጅማቱ እስከ ዛሬ አልላላም።"

የጥንት ሰውማ አራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ ብስቅበትም ያኔ መውጫ አጥቼ ነበር። ብናገር አባቴ አጭበርባሪ ተብለው ይታሰራሉ፤ ዝም ብል መምህሬ በአደባባይ ይዋረዳል።

ቅዳሜ ቤት ሄጄ ነገርኋቸው። አባቴ ብርዓቸውን አስቀመጡ።

"እኔ ጻፍሁት እንጂ አላስረጀሁትም" አሉ። "አሁን ዝም ካልሁ ግን ያስረጀሁት እኔ ነኝ። ኩታዬን አምጭልኝ።"

ሰኞ በባጃጅ መምህሩ ቢሮ ሄድን። ቁጭ ይበሉ ቢላቸው እምቢ ብለው ቆመው ተናገሩ። የመምህሩ ፊት ዐመድ መሰለ።

"አባቴ፣ ማስረጃ አለዎት?" አላቸው።

"ክብሪት አለህ?" አሉት።

ጠረጴዛው ላይ ካለው ዳዊት የክሩን ጫፍ በእሳት ቢነኩት ኩምትር ብሎ ቀለጠ፤ ቢሮው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። አባቴ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "ደግሞ ልጄ፣ ዳዊት ሲደገምበት የገጹ ጥግ የጣት ወዝ ይይዛል። ይኸ ጢስ እንጂ ወዝ የለበትም" አሉት።

መምህሩ ፖሊስ ሊጠራ ነው ብዬ ወደ አባቴ ተጠጋሁ። እሱ ግን ተነሥቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። "ሳይታተም ደረሱልኝ" አለ። ከዚያ ዳዊቱን አጥፎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። "እኔ ዘንድ ሐሰት ነው፤ እርስዎ ዘንድ ግን ዳዊት ነው።"

ደረጃውን ስንወርድ መሐሉ ላይ ቁጭ አልሁ። እንዲያ ቀለል ብሎኝ አያውቅም፤ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። አባቴ "ተነሺ፣ ሰው ያየናል" እያሉ ራሳቸውም ይስቃሉ።

የጻፉትን ሁሉ ለሰው ሲሸጡ ኖረው፣ ለራሳቸው የሚደግሙት ከገበያ የገዙትን የወረቀት ዳዊት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወጥተው በዚህኛው ይደግሙ ነበር፤ ሌላ አልነኩም።

ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ቀዳዳዋን ተዋትና እስቲ አሁን የገጹን ጥግ ዳብሰው። የአውራ ጣታቸው ወዝ ነው።