እርግጠኛ የሆንኩ ቀን

ዱመርሶ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ የገንዳ ኃላፊው ጋሽ ጅግሶ ክንዴን ይዘው እስከ ክርኔ ገንዳው ውስጥ ከተቱት። ዝልግልጉ እስኪለቅ እዚያ የሚቦካው የተፈለፈለ ቡና ያሙለጨልጫል። «ስታሸው እንደ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ‹ይታጠብ› ትላለህ። ከቸኮልክ ይበላሻል፣ ከዘገየህም ይሸታል» አሉኝ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ገንዳው ለእኔ ተሰጠኝ። «ይታጠብ» የምለው እኔ ብቻ ሆንኩ። የስንት ገበሬ ልፋት በአንዲት ቃል!

በሁለተኛው መኸር እንቅልፍ ጠፋኝ። ድካም የሚባል የለም፤ እንዲያውም እንደዚያ ጎብዤ አላውቅም። አንድ ጠዋት እጄን እንኳ ሳላስገባ፣ በዓይኔ አይቼ ብቻ፣ ሦስት ገንዳ ባንዴ «ይታጠብ» አልኩ። ቡናው ዝልግልጉን እንደያዘ ማድረቂያ አልጋ ላይ ወጣ። በማግሥቱ ተጣብቆ፣ ጠቁሮ፣ ሽታው አያስቀርብም። ሥራ አስኪያጁ «አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?» አለኝ። አልነበርኩም። ወንድሞቼ ይዘውኝ ዲላ ሆስፒታል ወረዱ።

ሐኪሟ ሕመሙን ባይፖላር አለችው፤ አንዴ ያለ ልክ የሚያስፈነድቅ፣ አንዴ ድብርት ውስጥ የሚከት። «ስኳር እንዳለበት ሰው ትኖራለህ። ክኒንህን አታቋርጥ፣ እንቅልፍህን አታጉድል» አለችኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጸለዩልኝ፤ አንደኛው «ክኒኑንም ዋጥ፣ እሱም የጌታ ነው» አለኝ። ይባረክ።

ወደ ሥራ ስመለስ፣ ለሥራ አስኪያጁ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩትና የሌሊት ፈረቃ እንደማልችል አስረዳሁት።

«በመኸር ሌሊት የማይሠራ የገንዳ ኃላፊ የት አገር ነው ያለው?» አለ። ስሜን ከሌሊቱ ፈረቃ ሰርዞ፣ «እሺ። ግን አንዴ ብትደግመው አበቃ።»

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት አልለቀቀኝም። ድብርቱን አውቀዋለሁ፤ ከባድ ነው፣ ግን አያታልለኝም። የምፈራው ደስታዬን ነው። ቡናው አምሮ ወጥቶ ልቤ ሞቅ ሲል «መጣ እንዴ?» እላለሁ። እንዲህ መኖር ያሳቅቃል።

አልጋው ላይ ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች የምትመራው አስቴር ነበረች። የቡናውን መድረስ በእጇ ታውቃለችና፣ ስለዋወጥ ካየችኝ እንድትነግረኝ ለመንኳት። አንድ መኸር ላይ ገንዳው ድረስ መጣች።

«ታደሰ፣ ዛሬ አንዱን ነገር ሦስቴ ነገርከኝ፤ ሳልመልስልህም ትሄዳለህ። ትናንት ተኝተሃል?»

ደሜ ፈላ። «አንቺ ደግሞ! ሰው ደስ አይለውም?» ብዬ ጮህኩባት።

«ደስ ይበልህ። ገንዳውን ግን ስጠኝ» አለች፣ ፍንክች ሳትል።

እጄ ላይ ያለው ቡና ተንኮሻኩሿል፤ እምላለሁ፣ ተንኮሻኩሿል። «ይታጠብ» ልል አፌን ከፈትኩና ያ እርግጠኝነቴ ራሱ አስፈራኝ። «በይ እንቺ» አልኳት። እጇን አስገብታ አሸችው።

«ገና ነው» አለች።

ገንዳውን ለእሷ ተውኩላት። በዚያው ቀን ዲላ ሄድኩ። ሐኪሟ «መጀመሩ ነው፣ በጊዜ መጣህ» ብላ መድኃኒቴን አስተካከለች። ሁለት ሳምንት ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ሥራዬም ጠበቀኝ።

እስከ ጡረታዬ ገንዳውን አንዴ ብቻ ደግሜ አስረክቤያታለሁ፤ ልጄን የዳርኩ ሰሞን፣ ደስታዬን አይታ «ስጠኝ» ስላለችኝ። በዚያን ቀን «ደርሷል» ያልኩት ቡና በእርግጥም ደርሶ ነበር። ሐኪሟም «ደህና ነህ፣ ደስታ ብቻ ነው» አለችኝ።

ይህ ሕመም እያለብህ መሥራት ትችላለህ። የምታምነው ሰው አጠገብህ ይኑር። ያ ሰው «ስጠኝ» ሲልህ፣ ትክክል ብትሆንም ስጠው።