ያልጮኸው ድልድይ

ከሳሙና ፋብሪካው ተነስቶ፣ ከተማውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ፣ እህል መጋዘኑ ጋ የሚያበቃው የባቡር መስመር አሥራ ሰባት ጣቢያ አለው። ዛሬ የየጣቢያውን ስም የሚናገረው ፉርጎው ጣሪያ ላይ የተገጠመ ድምፅ ማጉያ ነው። ያኔ ግን የሚናገረው ሰው ነበር። መንገደኛው ሁሉ «ጠሪው» ይለው ስለነበር እውነተኛ ስሙን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣም ስትስቅም «አንተ ጠሪው» ነበር የምትለው።

ጠሪው ሥራ የጀመረው ከሐዲድ ሥር ጠጠር በመጠቅጠቅ ነው። አንድ ቀን ባቡር እየመጣ መሆኑን ለጓደኞቹ ለማስጠንቀቅ ሲጮህ አለቃው ሰማውና «ይህ ድምፅ ጠጠር ላይ አይባክንም» ብሎ ወደ ፉርጎ አስገባው። ኮፍያና የናስ ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ኮት ተሰጠው። ማንበብ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ስላልተጠየቀ እሱም አልተናገረም።

መስመሩን ያጠናው በመላ አካሉ ነው። የሳሙናው ሽታ ሲቀጥን ሁለተኛው ጣቢያ ደርሷል ማለት ነው። ባቡሩ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ቆመው የሚሄዱት ሰዎች እርስ በርስ ሲደጋገፉ የአትክልት ገበያው ቀርቧል። ቀጥሎ የእንጨት መሰንጠቂያው ፉጨት፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ጫጫታ፣ ከዚያ ባቡሩ ከሰው ቤት መስኮት ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ፤ እዚያ ሰው ሸሚዙን ሲተኩስ፣ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ይታያል። ከዚያ የወንዙ ድልድይ። ድልድዩ ላይ ሲወጡ ብረቱ ከእግር ሥር ይጮሃል። ጩኸቱ ሲያባራ ጠሪው በልቡ እስከ አርባ ይቆጥርና «ሆስፒታል! ለሆስፒታል የምትወርዱ!» ይላል። በሩ ሲከፈት ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳተም። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች እሱ ያለበትን ፉርጎ መርጠው ይሳፈሩ ነበር። ይህንን ያውቃል፤ ሲያውቅም ደረቱ ይነፋል።

ከቢሮ ወረቀት ሲመጣ ለጣቢያው ሻይ ሻጭ ይዞላት ይሄዳል።

«እስቲ ይቺን አንብቢልኝ እህቴ፤ ዓይኔ ዛሬ ደክሟል።»

«ጋሼ፣ ይሄ ዓይንዎ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚደክመው?»

«ወረቀት በመጣ ቁጥር ነዋ!» ይልና ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። ለማሳመኛ ከገበያ የገዛው መነጽርም ነበረው። መስታወቱ የመስኮት መስታወት ነው፤ አያቀርብ፣ አያርቅ።

እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። እሷ እንደ ነገሩ ፊደል ቆጥራለች።

«አንተ ሰው፣ ከልጆችህ አንዱን አስተምረኝ ብትለው ምን ይልሃል?»

«አባቴ ደንቆሮ ነው ይላላ።»

«እኔ እስከ ዛሬ ያላልኩህን ነው እሱ የሚልህ?»

እንዲህ እየተሳሳቁ ዓመታት አለፉ። ሳቁ ያበቃው በአንድ ጭጋጋማ ጠዋት ነው።

የዚያን ጊዜ የስምሪት ሹሙ ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ካላየ የማያምን ሰው ነበር። ባቡር የሚያሰማራው፣ ትእዛዝ የሚያድለው እሱ ነው። ትእዛዝ ሲሰጥ ሠራተኛውን ሁሉ መዝገብ ላይ ያስፈርማል። ጠሪው ዘንድ ሲደርስ ግን መዝገቡን ይዘጋና «አንተን የመሰለ የታመነ ሰው ማስፈረም ነውር ነው» ይላል። በዚያም ጠዋት አንድ ወረቀት በእጁ አስጨበጠውና «ዛሬ ለውጥ አለ፣ አንብበው» ብሎ ስልኩ ስለጠራ ወደ ቢሮው ሮጠ።

ጠሪው ወደ ሻይ ሻጯ ሄደ። ልጇ ወልዳ ኖሮ ሱቋ ተዘግቷል። ፊሽካው ተነፋ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተሳፈረ። ፉርጎው ማንበብ በሚችል ሰው ጢም ብሎ ነበር። አንዱን «ወንድሜ፣ እስቲ እይልኝ» ቢለው የሚወስደው የግማሽ ደቂቃ ጊዜ ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ያከበረው ሕዝብ ፊት ይህንን ማለት ልብሱን የማውለቅ ያህል ሆነበት።

ወረቀቱ ድልድዩ ለሦስት ቀን ስለሚጠገን ባቡሩ ከመሰንጠቂያው በኋላ በጡብ ፋብሪካው የጭነት መስመር ዞሮ እንደሚያልፍ፣ የሆስፒታል መንገደኞችም መሰንጠቂያው ላይ ወርደው በአውቶቡስ እንዲሄዱ የሚል ነበር።

መሰንጠቂያውን አለፉ። የትምህርት ቤቱ ጫጫታ አልመጣም፤ ጠሪው ልጆቹ ዕረፍት ላይ ይሆናሉ አለ። የሰው ቤት መስኮት አልታየም፤ ጭጋጉ ነው አለ። ድልድዩ ግን አልጮኸም። እግሩ ሥር ይጠብቀው የነበረው ጩኸት ሳይመጣ ቀረ። ለዚህ ሰበብ አላገኘም።

በሩ አጠገብ አንዲት ልብስ ሰፊ ተቀምጣ ነበር። የግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀኙም እየደከመ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ የዓይን ሐኪም ሆስፒታሉ ውስጥ ለሦስት ቀን ሲያክም ቆይቶ ያን ዕለት የመጨረሻው ቀን ነበር፤ ተራውም የሷ ነበር።

«ጋሼ ጠሪው፣ የት ደረስን?» አለችው።

አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ባቡሩ ቀይ መብራት ይዞት ቀስ እያለ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ወደሱ ዞረ። ጠሪው አገጩን ቀና አደረገና «ሆስፒታል! ለሆስፒታል የምትወርዱ!» አለ። እዚያ የምትወርደው እሷ ብቻ ነበረች፤ በሩን የከፈተላትም፣ ክንዷን ይዞ ያወረዳትም እሱ ነው። ባቡሩ ሲነሳ ጭጋጉ ውስጥ የጡብ ክምር አየ፤ እሷ ግን ታይታ ጠፍታ ነበር።

የጡብ ፋብሪካ ሠራተኞች ያገኟት ቀትር ላይ ነው፤ አፈር ከተቆፈረበት ጉድጓድ ዳር እየዳበሰች ስትሄድ። ሆስፒታል ሲያደርሷት ሐኪሙ ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። በዓመቱ የቀኝ ዓይኗም ጠፋ።

ጉዳዩን ያጣሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መሃል የተቀመጠው «ወረቀቱ ደርሶህ ነበር?» ሲል ጠየቀው። ጠሪው ደርሶኛል ቢል ቀጣዩ ጥያቄ ታየው፤ ታዲያ ምነው አላነበብከውም?

«አልደረሰኝም» አለ።

የስምሪት ሹሙ ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። የጠፋበትን ነገር የራሱ ኪስ ውስጥ እንደሚፈልግ ሰው ነበር ያየው። «ሰጥቼው ነበር... የሰጠሁት መሰለኝ» አለ። ያቺ «መሰለኝ» ጉድ ሠራችው። ፊርማ የለም፣ ምስክር የለም። ከሹመቱ ወርዶ በመጨረሻው ጣቢያ የባዶ ፉርጎ በር እንዲዘጋ ተመደበ።

ያን ዕለት ጠሪው ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመረው።

«ምንድን ነው የምታቃጥለው?» አለች ሚስቱ።

«የማይረባ ወረቀት ነው።»

«የማይረባ መሆኑን ማን አነበበልህ?»

ጠሪው እሳቱን ቆሰቆሰው። ሚስቱም አተኩራ አይታው እንጀራ ፍለጋ የሚዋረድ ሰው ያየች ይመስል ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲያ ስለ ፊደል ቀልዳበት አታውቅም፤ ከስድቧ ሁሉ የከበደው ይህ ዝምታዋ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ድምፅ ማጉያው ተገጠመ፤ ጠሪው ጡረታ ወጣ። በጡረተኛ ነጻ መሳፈሪያው ከቤቱ ወጥቶ መስመሩን መመላለስ ጀመረ። ሰው ሁሉ የሥራ ናፍቆት ይመስለው ነበር። እሱ ግን ፊደል እየለቀመ ነበር። የየጣቢያው ሰሌዳ ምን እንደሚል በቃሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ድምፁን ከምልክቱ ጋር ማጋጠም ብቻ ነው የቀረው። አንዱ ሰሌዳ ላይ ያገኘውን ፊደል ሌላው ላይ ሲያየው እንደ ድሮ ወዳጅ በአገጩ ሰላም ይለዋል። ሲቸግረው ሚስቱን ይጠይቃል፤ እሷም ሳትስቅ ትነግረዋለች።

በአምስተኛው ወር ሆስፒታል ጣቢያ ወረደ። ከትልቁ ሰሌዳ በታች አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ ይህችን ማንም ጮክ ብሎ ጠርቷት ስለማያውቅ በቃሉ አልያዛትም። ቀስ ብሎ ፊደል በፊደል ገጣጠማት። «የዓይን ሕክምና በስተግራ» ትላለች። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበባት አዲስ ነገር ይህች ነበረች።

አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ለካ አምስት ወር ነው! ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲደብቀው የኖረው፣ የሴት ዓይንና የሰው ስም ያስከፈለው ነገር የአምስት ወር ሥራ ኖሯል። ሲዋሽ እንኳ ያላፈረውን ያህል አፈረ። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት።

«እና እኔ ምን ላድርግልህ?» አለች። «እኔን አልበደልክ። የበደልከው ሰው አድራሻው ይታወቃል።»

ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄደ። የስምሪት ሹም የነበረው ሰው ከሐዲዱ ዳር ባለች አንድ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ መርፌ ላይ ክር ያስገባ ነበር። ከፊቱ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሰባ ሰማንያ መርፌ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ላይ ክር ተንጠልጥሏል።

«ጠሪው! ከየት ተገኘህ? ግባ፣ ግባ እንጂ።»

«ቆሜ ልናገር። ከተቀመጥኩ አልናገረውም» አለ ጠሪው። ነገረውም። ወረቀቱ እንደደረሰው፣ ማንበብ እንደማይችል፣ እንዳቃጠለው።

ሰውየው የያዘውን መርፌ አልጣለውም።

«ደግመህ በል።»

«ሰጥተኸኛል። በእጄ አስጨብጠኸኛል።»

«እኔ እኮ...» አለ ሰውየው። «እኔ እኮ ጭንቅላቴን ነበር የተጠራጠርኩት። አሥራ አንድ ዓመት! በር ቆልፌ ወጥቼ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። ልጄ ሲያገባ ቀለበቱን ለሌላ ሰው ነው ያስያዙት፤ አባባ ይረሳል ብለው። ሹመቱን ወሰድክ፣ ይሁን። ራሴን ለምን ወሰድክብኝ?»

ጠሪው መሬት መሬት አየ። «አፍሬ ነው» አለ።

«አሁንስ?»

«አሁን ይብሳል።»

ሰውየው ሣጥኑን ከደነና ተነሳ። «ይህ መርፌ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የልብስ ሰፊዋ ነው። በእጇ እየዳበሰች ትሰፋለች፤ ክር ማስገባት ግን አትችልም። ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሁለት ዓመት ስትረግመኝ ኖራ በሦስተኛው በሯን ከፈተችልኝ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው የሳምንቱን ክር አስገብቼ እወስድላታለሁ። ዛሬ አብረን እንሄዳለን፤ የምትናገረውም አንተ ነህ።»

«ነገ ብቻዬን ብሄድስ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ነገ አልክ።»

በባቡር ሁለት ጣቢያ ተጓዙ። ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ፀሐይ እየሞቀች የትራስ ጨርቅ ትዘመዝማለች። ኮቴ ሰምታ «ጋሼ፣ ዛሬ ሰው ይዘው ነው የመጡት» አለች።

«እንዴት ዋልሽ እህቴ» አለ ጠሪው።

እጇ ቀጥ አለ። ፊቷ ቀስ እያለ በራ። «ይሄ ድምፅ... ጋሼ ጠሪው! ጋሼ ጠሪው አይደሉም እንዴ!» ተንጠራርታ እጁን ያዘችና ሳመችው። «ስንት ጊዜ አስታወስኩዎት መሰለዎ! አሁን ባቡሩ ውስጥ የሚለፈልፈው ብረት እንደርስዎ ይሆናል? ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ መሰለዎ፤ በሱ አልፈርድም እላለሁ። ቢነግሩት ኖሮ እሱ እኔን ጉድጓድ ዳር አያወርደኝም ነበር እላለሁ።»

እጁ እጇ ውስጥ ነበር። ሊያወጣው ፈለገ፤ አልቻለም። የስምሪት ሹሙ ከኋላው ቆሞ ይተነፍሳል።

«ነግረውኝ ነበር» አለ ጠሪው።

«ምን አሉኝ?»

«ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማንበብ አልችልም ነበር። ሆስፒታሉ እንዳልሆነም ሆዴ ነግሮኛል። የት ደረስን ስትይኝ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው የጠራሁት። ይህ ሰው ምንም አላጠፋም።»

እጁን ለቀቀችው። ፊቷን ከሱ መለሰች፤ የስምሪት ሹሙ እስትንፋስ ወደሚሰማበት አቅጣጫ።

«ጋሼ፣» አለች፣ «ሁለት ዓመት ረግሜዎታለሁ። በልጆችዎ ሳይቀር። እርስዎ ደግሞ ዝም ብለው... ኑ እስቲ፣ እዚህ አጠገቤ ይቀመጡ።»

ሰውየው ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን ፈልጋ አገኘችና በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። ጠሪው በሩ ጋ እንደቆመ ቀረ። ተቀመጥ ያለው የለም፤ ሂድ ያለውም የለም። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘና የሚሉትን እስኪሉት ድረስ ቆመ።