የባንጃው ባለፈረስ አልሞተም ያልኩ ቀን

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ ላይ መብራት ጠፍቶ ከጎናችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጀነሬተሩን ሲያስነሣ፣ የቤንዚኑ ሽታ ክፍሌ ድረስ ገብቶ የያዝኩትን የፈተና እርማት አስጣለኝ። ደክሞኛል መሰለኝ፤ ድሮ እንዲህ በትንሽ በትልቁ ሆዴ አይባባም ነበር።

ሽታው የወሰደኝ አዲስ ቅዳም ከተማ፣ በጀነሬተር ይሠራ ወደነበረው የጋሽ መኳንንት ቪዲዮ ቤት ነው። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ እንደ ገጠር ልጅ ሁሉ ከተማ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ፣ አባቴ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቄን በዳማ ፈረሱ ጭኖ ያመጣልኛል። ጋሽ መኳንንት እንግሊዝኛ ትችላለች ሲባል ሰምቶ ፊልሙን ለገበያተኛው በአገውኛ እንድተረጉም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመኝ። እንግሊዝኛዬ? ወይ ጉድ! ከአሥር ቃል ሦስቱን ብይዝ ነው፤ የቀረውን ከተዋናዮቹ ፊት ላይ አነብ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከበሩ ላይ ጠራኝና «ግጦሹ አልቋል ልጄ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ማሳው ላይ የከሰል ዛፍ ተክሏል፤ ዳማን ዛሬ ለዳንግላው ሰውዬ እሸጠዋለሁ» አለኝ። ገዢው እስኪመጣ ብሎ ገባና ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ።

ፊልሙ የቆየ የካውቦይ ፊልም ነው፤ ሽፍታ እህሉን እየዘረፈ ያስመረረው የገበሬ መንደር ተኳሾች ቀጥሮ ያስጠብቃል። ገና ከመጀመሩ ሳቅ ሆነ፤ ለገዛ አዝመራው ጠባቂ የሚቀጥር ምን ዓይነት ገበሬ ነው፣ ደግሞስ ያን ሁሉ አገር ጋልቦ ሲያበቃ ኮርቻውን የማያላላ ምን ዓይነት ባለጌ ነው እያሉ አላስተረጉም አሉኝ። ተኳሾቹ አንድ በአንድ ተሰብስበው ሰባት ሲሞሉ ግን አንድ ሽማግሌ «ሰባት ቤት አገው!» ብለው ጮኹ፣ ቤቱም በጭብጨባ ተናጋ። አለቀልኝ! ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ተኳሽ፣ አገው ከነሱ ተወለደ ከሚባሉት ከሰባቱ ወንድማማች አባቶች የአንዱ ሆነ፤ በቀይ ፈረስ የሚሄደው ያ ዝምተኛ ሪዛም ከሰባቱ የአንዱ የባንጃ ልጆች ለሆንነው ለእኛ ደረሰ፣ አባቴም አገጩን ዱላው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ከእሱ አልነቅል አለ።

ምን ያደርጋል፣ ሰውየው ተመትቶ ከፈረሱ ወደቀ። አባቴ ያ ሁሉ ሰው እያየው ብድግ ብሎ «ሞተ?» አለኝ። ፊቱን ሳየው አንጀቴ አልችል አለ። «ኧረ አልሞተም አባዬ! ቆስሎ ነው እንጂ። ፈረሱ አለለት፣ ተነሥቶ ይደርስባቸዋል» አልኩት። መጨረሻ ላይ ሦስቱ ብቻ ከመንደሩ ሲወጡም ሌሎቹ ከኋላ እየመጡ ነው ብዬ ጨረስኩት። ሰዉ ሁሉ እፎይ ብሎ እየተመራረቀ ወጣ።

ውጭ የዳንግላው ሰውዬ ቆሞ ይጠብቃል። አባቴ የዳማን አንገት እየደባበሰ «ይቅርታህን ወንድሜ፣ ፈረስ ያለው ሰው ቢወድቅም ይነሣል፤ አልሸጥም» ብሎ መለሰው። ያን ጊዜ ፊልሙ ላይ ባለፈረሱ መሞቱን መናገር ነበረብኝ፤ ደስታውን አይቼ ግን ተውኩት።

ያን ክረምት ዳማ የመንገድ ዳር ሣር ሲለቃቅም ሰነበተ፣ አጥንቱ እስኪታይ ከሳ፣ ለመስቀልም አልደረሰ። አባቴ እሱም እንደ ሌላው ማሳው ላይ ዛፍ ተከለ፤ ስንቄንም አሥራ ሁለተኛን እስክጨርስ በጀርባው አዝሎ በእግሩ አመላለሰልኝ።

አሁን ቪዲዮ ቤቱ የስልክ መሸጫ ሆኗል፣ ጥር ላይ የአገው ፈረሰኞች ለዓመት በዓላቸው ሜዳ ሲወጡ ከእኛ ቤት የሚወጣ የለም፣ አባቴም ካረፈ ሰንብቷል። ዳማ ዳንግላ ሄዶ ቢሆን ኖሮ በሕይወት ይቆይ ነበር እያልኩ ስንቴ ተቃጠልኩ፤ ግን ፊልሙን አጣምሜ መተርጎሜን ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱም አንድ ቀን አልወቀሰኝም፤ እስከ መጨረሻው ቤቱ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ዳማን ልሸጠው ስል ያስጣለችኝ ይቺ ልጄ ናት፤ እንግሊዝኛ ታውቃለች» እያለ ይኮራብኝ ነበር።