በዳንግላ ገበያ የደበቅሁት አገውኛ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ፣ እነግርሃለሁ፤ ፊቴን ስለማታየው ይቀለኛል።

ፈንጣጣ በገባ ዓመት ገና ተማሪ ሳለሁ ዩኒቨርሲቲው ለአገልግሎት ልኮኝ ዳንግላ አስተምር ነበር። የተወለድሁት አዘና አካባቢ ነው፤ አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ይህን ለማንም አልተናገርሁም። «ገጠሬ» እንዳልባል ፈራሁ።

በመምህራን ክፍል አንድ ቀን ደፍሬ ተናገርሁ። ይህ መቅሰፍት የእግዚአብሔር ቁጣ ከሆነ ለምን ድሀውን መርጦ ይመታል? በጰራቅሊጦስ ዕለት ሁሉም በየቋንቋው ሰማ፤ መንግሥታችንስ ገበሬውን የሚያነጋግረው በማን ቋንቋ ነው? አልሁ። በጽሞና ሰሙኝ። ኮራሁ።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። እኔ የፈንጣጣ ክትባት ሊሰጥ ከመጣው ድሬሰር ጎን ቆሜ የሚከተበውን ሰው አሰልፋለሁ። አንዲት እናት ሕፃኗን እንዳዘለች ተራዋ ደረሰና በአገውኛ ጠየቀች፦ «ይህ ከታማሚ ቁስል የተወሰደ ነው?» በገጠር የድሮው ክትባት እንዲያ ነበር፤ የበሽተኛውን መግል ክንድ ላይ ይቀቡታል። የበኩር ልጇ በዚያ እንደሞተባት ኋላ ሰማሁ።

ድሬሰሩ የአዲስ አበባ ሰው ነው። «ምን ትላለች? አገውኛ የሚያውቅ የለም?» አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺስ?» አለኝ። ባልደረቦቼ ከኋላዬ ቆመዋል።

«እኔ እንጃ» አልሁ።

ሰምቻለሁ። ገብቶኛል። «አይደለም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልሁም። እርሷም አንቀልባዋን አጥብቃ ከሰልፉ ወጣች።

ልጁን ፈንጣጣ ያዘው። ነፍሱ ተረፈች፤ አንድ ዓይኑ ግን ጠፋ።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ቤቷ ሄድሁ። ደጇ ላይ ቆሜ ሁሉንም በአገውኛ ነገርኋት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ለካ አፍ አለሽ!» አለችኝ። ከዚያም መቀነቷን አጠበቀች። «በይ ነይ። ጎረቤቶቼም እንደኔ ፈርተው ነው የቀሩት። ከቁስል አለመወሰዱን ለእነርሱም ንገሪ።»

ከፊት ከፊቴ እየሄደች ከደጅ ደጅ አዞረችኝ። ድምፄ ሲያንስ፣ «እንደ ሙሽራ አታንሾካሹኪ! ያን ዕለት የዋጥሽውን አውጪው እንጂ!» ትለኝ ነበር። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መሳቅስ ይገባኝ ነበር? ድሬሰሩ ዳግም ሲመጣ መንደሩ ተሰለፈ፤ ክንዷን ቀድማ የዘረጋችው እርሷ ነበረች።

ልጅ ነበርሁ ብዬ አላመካኝም። ዓይን አፋር ነኝም አልልም፤ በመምህራን ፊት ስናገር ዓይን አፋርነቴ የት ነበር? «ይቅር ብዬሻለሁ» ብላኝ አታውቅም፤ በድዬ ሳለሁ ይህን በይ ልላት እኔ ማን ነኝ?

ትምህርቴን ጨርሼ ተመልሼ ዳንግላ አስተምራለሁ። ገበያ ስትወጣ ልጇን ይዛ በትምህርት ቤቱ በር ታልፋለች። በሰው ሁሉ መካከል፣ በአገውኛ፣ ስሜን ጮክ ብላ ትጠራኛለች። እኔም በዚያው ቋንቋ፣ ጮክ ብዬ፣ «አቤት!» እላለሁ። ስለምትጠራኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ በቀረችው ዓይኑ እያየኝ ይስቃል።