አባባ የሚቆጥሯቸው ጣቢያዎች

አባባ ባቡር ላይ ሠርተው ያረጁ ሰው ነበሩ። ጅጅጋ እኔ ቤት ከመጡ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ስወጋቸው መርፌው እንዳይሰማቸው ጣቢያዎቹን ይቆጥሩ ነበር፦ ድሬዳዋ፣ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። አንድ ቀን ሽንሌን ዘለሉ።

ስኳራቸውን የምትከታተለውን ነርስ ጠየቅናት። «ኢንሱሊን ለስኳር ብቻ አይደለም፤ አንጎል ውስጥ ነርቮች የሚገናኙበትንም ያጠነክራል። ትዝታ የሚያዘው እዚያ ነው። የእሳቸው አንጎል ኢንሱሊኑን አልቀበል ብሎ ይሆናል» አለችን።

«እንግዲያው ጨምሪልኛ!» አሉኝ አባባ።

«መጨመርማ ይገድላል።»

«አንቺ ከእናትሽ የባስሽ ቋጣሪ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተደብቀው ራሳቸውን እንዳይወጉ ኢንሱሊኑ ያለበትን ፍሪጅ እቆልፍ ጀመር። ደወሌ መጨረሻ ላይ ጠፋች፤ ቀጥሎ የእኔ ስም። አባባ ካረፉ ወዲህ ጠዋት ቤቱ ጭር ይላል። ስኳሩ እኔንም ይዞኛል፤ አሁን መርፌውን የምወጋው ራሴን ብቻ ነው። ትናንት ልጄን ሁለት ጊዜ በእህቴ ስም ጠራኋት።