አልረጋ ያለው የጉልበት ሎሚ

ቀለም ቀቢ ናት። ፊቷ ላይ የሚፈናጠቀውን ቀለም አይቶ «ጠቃጠቆ» ያላት አብሯት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ስሙ እዚያው ተጣብቆባት ቀረ።

የጉልበቷ ሎሚ መጀመሪያ የወጣው ከመሰላል ወርዳ ዞር ስትል ነው። ጉልበቷ ቋ አለ። ጎንበስ ብላ ስታይ ሎሚው ወደ ጎን ሸሽቶ ቁጭ ብሏል። ጩኸቷን ሰምቶ ወንድሟ ብሩሹን ጥሎ ሲሮጥ፣ እሷ እግሯን ዘረጋችው፤ ሎሚውም ሸርተት ብሎ ገባ።

«የታለ? ምንም አልሆነም'ኮ፣ እትዬ።»

«ወጥቶ ነበር ስልህ!»

ንዴቷ የጀመረው ያኔ ነው። ሎሚው መንገድ ላይ እንደፈለገ ይፈነጫል፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጨዋ ይሆናል። ራጅ ተነሣች፤ አጥንትሽ ደህና ነው ተባለች። ፊዚዮቴራፒ ተላከች፤ ጭኗ እስኪንቀጠቀጥ እግሯን ስታነሣ ስትጥል ከረመች። ጭኗ ጠነከረ፣ ሎሚው ግን አመሉን አልተወም። አንድ ቀን አስፋልት መሃል ሲጥላት አንድ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ጠጥተሽ ነው?» አላት።

እናቷ ደግሞ «ሐሳብ ነው ልጄ፣ አታስቢው» ትላለች።

«እማዬ፣ ሳላስበው'ኮ ነው የሚወጣው!»

በመጨረሻ አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ኤምአርአይ አስነሥቶ ውጤቱን ካሳያት በኋላ፣ ሎሚውን በአውራ ጣቱ ወደ ውጭ ገፋ አደረገው። እጁን አፈፍ አድርጋ ያዘችው።

«በቃ፣ አልነካውም» አለ። «ሎሚውን ከውስጥ በኩል የሚይዘው ጅማት ተበጥሷል። ከጭንሽ ጀርባ ሌላ ጅማት ወስደን በቦታው እናስራለን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተነገረኝም፣ ዶክተር?»

«ራጅ ጅማት አያሳይም። ደግሞ ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል።»

ብዙ ሰው! ጥርሷን ነከሰች።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። እሷ ግን ስትነቃ ተነሥታ የምትሄድ መስሏት ነበር፤ ያገኘችው ክራንችና እንደ ሳንቃ የደረቀ ጉልበት ነው። ለማጠፍ እንደገና ወደዚያችው ፊዚዮቴራፒስት ተላከች።

«ከአንቺ ላመልጥ ብዬ አይደል የተቀደድኩት?» አለቻት። ሴትዮዋ ሣቀች፤ እሷ አልሣቀችም።

ወንድሟ ብቻውን የሚቀባውን የሕንጻ ደረጃ ግድግዳ ልታይ በክራንች ሄደች። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች ወርዷል።

«ምንድነው ይሄ? ግድግዳው እያለቀሰ ነው እንዴ?»

«ሲደርቅ አይታይም፣ እትዬ።»

«ደርቋል'ኮ!»

ክራንቿን ወርውራ እርከኑ ላይ ቁጭ አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ወንድሟ በግድግዳው ምክንያት መስሎት «እደግመዋለሁ፣ በእናትሽ» ይላል።

ወራት አለፉ፤ ጉልበቷ ታጠፈላት። ሎሚው ከዚያ ወዲህ ወጥቶ አያውቅም፤ መሰላልም ትወጣለች። መንበርከክ ግን አልቻለችም፤ ጠባሳው ወለል በነካ ቁጥር ነፍሷ ትወጣለች። ሐኪሙ «ይሻልሻል፣ ታገሺ» ይላታል። ይህችን «ታገሺ» የምትባል ቃል ስትሰማ የቀለም ባልዲ መድፋት ያምራታል።

የግድግዳውን ግርጌ ለወንድሟ እንዳትሰጥ ያበላሸዋል። ስለዚህ ካርቶን አንጥፋ፣ በጎኗ ተጋድማ ራሷ ትቀባለች። ባለፈው የምትቀባው ቤት ባለቤት በሩን ከፍቶ ሲገባ ወለሉ ላይ ተዘርግታ አገኛት።

«ተኛሽ እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለችው፣ ዞር ብላም ሳታየው።